የመካከለኛ ጊዜ የሂሳብ መግለጫ

የመካከለኛ ጊዜ የሂሳብ መግለጫ አንድ ድርጅት የሂሳብ ዓመቱ ሳይዘጋ የ3፣ የ6 ወይም የ9 ወር ሀብቱን፣ ዕዳውን፣ ትርፍና ኪሳራውን እንዲሁም የገንዘብ ፍሰቱን የሚያሳይበት ሰነድ ነው። ከዓመታዊው መግለጫ ያጠረ ሲሆን ማስታወሻዎቹም የተመረጡ ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹ የሚሠሩት ግን በዓመቱ መጨረሻ በሚሠራባቸው የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲዎች ነው። ፖሊሲ የሚባለው ድርጅቱ ገቢን መቼ እንደሚመዘግብ፣ ያልተሸጠ ዕቃን በምን ዋጋ እንደሚይዝ፣ የማሽንን ዋጋ በስንት ዓመት እንደሚያካፍል፣ የውጭ ምንዛሪን እንዴት ወደ ብር እንደሚመልስ የሚወስንበት ደንብ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ጉዳዩን የሚገዛው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 34 ነው። ደረጃው ማን፣ በየስንት ጊዜው መግለጫ ማውጣት እንዳለበት አያዝም፤ ያንን ለየአገሩ ሕግና ለአክሲዮን ገበያዎች ይተወዋል። የሚያዘው መግለጫው ከወጣ ምን መያዝ እንዳለበትና በምን ስሌት መሠራት እንዳለበት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ በአንድ ሕግ የተደነገገው በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁ በተለምዶ አይኤፍአርኤስ የሚባሉትን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ተቀብሎ አፈጻጸማቸውን የሚከታተል የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም አድርጓል። ባንኮች በእነዚህ ደረጃዎች የመጀመሪያ መግለጫዎቻቸውን ያወጡት ለ2010 የበጀት ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አክሲዮን በገበያ መሸጥና መግዛት ሲጀምር ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ስለማይቻል፣ በዓመቱ መካከል የሚወጣው ቁጥር የገዢን ገንዘብ የሚነካ ጉዳይ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በብዛት ይምታታሉ። የኢትዮጵያ ድርጅቶች በየጥሩ የሚያውጁት የ6 ወር አፈጻጸም ከዕቅዱ ስንት በመቶ እንደተሳካ የሚናገር ዘገባ ነው። ይህ የሂሳብ መግለጫ አይደለም። ዕቅዱን ያወጣው ድርጅቱ ራሱ ስለሆነ ከዕቅድ ጋር የተነጻጸረ ገቢ ትርፍን አያሳይም፤ ዕዳንና ጥሬ ገንዘብንም አያሳይም። በደረጃ ቁጥር 34 መሠረት የተሠራ መግለጫ ንጽጽሩን የሚያደርገው ካለፈው ዓመት ጋር ነው። ትርፍና ኪሳራው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ደግሞ ካለፈው ዓመት መዝጊያ ጋር ጎን ለጎን ይቀርባል።

ጳጉሜን የምትገባበት ሩብ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ይህን ዓመት በአራት የሚከፍል ሰው አራት እኩል ክፍሎች አያገኝም። የመጀመሪያው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ስለሚይዝ 95 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96 ቀን አለው። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 90 ቀን ናቸው። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ነው።

የብድር ወለድ በቀን የሚታሰብ ከሆነ የጳጉሜን ወለድ በመጀመሪያው ሩብ ገቢ ውስጥ ይገባል። ደመወዝና ኪራይ ግን በአብዛኛው በወር የሚከፈሉ ናቸው፤ ለጳጉሜን ተለይቶ የሚከፈል ደመወዝ የለም። ስለዚህ ምንም የተለየ ሥራ ያልሠራ ድርጅት በመጀመሪያው ሩብ የተሻለ ትርፍ ያገኘ ሊመስል ይችላል። የማሽን እርጅና በወር ይታሰባል ወይስ በቀን የሚለው ፖሊሲም ያንኑ ያህል ለውጥ ያመጣል። ከሁለተኛው ሩብ ጋር ማነጻጸር የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ካለፈው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ጋር ሲነጻጸር ጳጉሜን በሁለቱም ወገን ስላለች ችግሩ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው የሰሚኮንዳክተር አምራቾች ናቸው። ኢንቴል የሂሳብ ዓመቱን የሚዘጋው በዲሴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ዓመቱ በሳምንት ስለሚቆጠር አብዛኛውን ጊዜ 52፣ አልፎ አልፎ 53 ሳምንት ይሆናል። ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሩቡ 14 ሳምንት ነበረው፤ የተለመደው 13 ነው። የሽያጭና የወጪ ዕድገትን ለመለካት የሚፈልግ አንባቢ ይህንን በማስታወሻዎቹ የመጀመሪያ መስመሮች ውስጥ ያገኘዋል።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በእንግሊዝኛ በሚታተሙ የአንዳንድ የኢትዮጵያ ባንኮች ሪፖርቶች ላይ ዓመቱ በጁን 30 እንደሚዘጋ ተጽፎ ይገኛል። ሰኔ 30 ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 7 ነው። ሁለት ድርጅቶችን የሚያወዳድር ሰው የሁለቱም ሩብ ዓመት በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ወቅትና ያልተሸጠ ዕቃ

በሰሜን ወሎ በዋድላ ወረዳ በኮን ከተማ የሚሠራ እህል ነጋዴን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ነጋዴው የሂሳብ ዓመቱን በሐምሌ ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ ገበያው ስለሚወደድ ካለፈው ምርት የተረፈውን በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ሲሰበሰብ ግን ገንዘቡን ሁሉ አውጥቶ መጋዘኑን ይሞላል። የመጀመሪያ ሩቡ መግለጫ ብዙ ትርፍና ጥቂት እህል፣ የሁለተኛው ጥቂት ትርፍና ሙሉ መጋዘን ያሳያል። የመጀመሪያውን ሩብ በአራት አባዝቶ የዓመቱን ትርፍ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። ደረጃ ቁጥር 34 ሥራው ወቅታዊ የሆነ ድርጅት ይህንኑ በማስታወሻ እንዲገልጽ የሚያዘው ስለዚህ ነው፤ ወቅታዊ ገቢንም ገና ሳይገኝ ወደ ሌሎች ወራት ማከፋፈል አይፈቅድም።

መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ የሚያዘው በተገዛበት ዋጋና ተሸጦ ሊያስገኝ በሚችለው የተጣራ ዋጋ መካከል ዝቅ ባለው ነው። የመሸጫው ግምት ከተገዛበት በታች ከወረደ ጉድለቱ በዚያው ሩብ ዓመት ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዋጋው በኋላ ካገገመ በኋለኛው ሩብ ይመለሳል። በአሜሪካ ደንብ ግን የዋጋው መውረድ ጊዜያዊ ከሆነና በዚያው ዓመት እንደሚያገግም ከተጠበቀ በመካከለኛው መግለጫ ላለመመዝገብ ይቻላል። እህል ጊዜ ይሰጣል፤ ቺፕ ግን ቶሎ ያረጃል። ኤንቪዲያ በ2025 እ.ኤ.አ. ኤች 20 የተባለውን ቺፕ ወደ ቻይና ለመላክ ፈቃድ እንዲያወጣ የአሜሪካ መንግሥት በኤፕሪል ወር ሲያስታውቀው፣ ኤፕሪል 27 በተዘጋው ሩብ ዓመት በክምችትና በግዢ ግዴታዎች ላይ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ክስተቱ የደረሰው ሩቡ ሊያበቃ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ነበር፤ ወጪው ግን ሙሉ በሙሉ በዚያው ሩብ ውስጥ ገባ።

የውጭ ምንዛሪ

በኢትዮጵያ የዚህን ደንብ ክብደት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው የሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ውሳኔ ነው። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር መግዣ ዋጋ በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር አለፈ። የ2017 የበጀት ዓመት ከተጀመረ ገና 22ኛው ቀን ነበር። መስከረም ሲያልቅ ዋጋው ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

በዶላር የሚከፈል ዕዳ በእያንዳንዱ የመግለጫ ቀን በዕለቱ ምንዛሪ ይተመናል፤ ልዩነቱም በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ይወጣል። 10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት በ57 ብር ስሌት 570 ሚሊዮን ብር ዕዳ ይዞ የጀመረውን ሩብ፣ ምንዛሪው 100 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ በ1 ቢሊዮን ብር ዕዳ ይዘጋዋል። የ430 ሚሊዮን ብሩ ኪሳራ ጥሬ ገንዘብ ሳይወጣ የሚመዘገብ ነው። ለዓመቱ አራት ሩቦች በእኩል ማከፋፈል አይቻልም፤ ምክንያቱም ደረጃው እያንዳንዱን ጊዜ በራሱ ቀን የሚያይ ነው። በተቃራኒው የዶላር ገቢና ተቀማጭ ያለው ድርጅት በዚያው ሩብ ያልሠራበት የሚመስል ትርፍ ያገኛል። የዚያን ሩብ መግለጫ የሚያነብ ሰው ከትርፉ አስቀድሞ የምንዛሪ ልዩነቱን መስመር መፈለግ አለበት።

ፖሊሲና ግምት

ፖሊሲና ግምት አንድ አይደሉም። ማሽንን በአገልግሎት ዘመኑ ማካፈል ፖሊሲ ነው፤ ዘመኑ 5 ዓመት ነው ወይስ 8 ማለት ግምት ነው። ፖሊሲ ሲለወጥ ያለፉት ጊዜያት ቁጥሮች እንደገና ይሠራሉ፤ ግምት ሲለወጥ የሚነካው የአሁኑንና የወደፊቱን ብቻ ነው። ኢንቴል ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንዳንድ የማምረቻ ማሽኖቹን የአገልግሎት ዘመን ከ5 ወደ 8 ዓመት ሲያራዝም የዚያ ዓመት የእርጅና ቅናሽ በ4.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። ማሽኖቹ ያው ማሽኖች ናቸው። በ2024 ሦስተኛ ሩብ ደግሞ በዋናነት ኢንቴል 7 ከተባለው የአመራረት ሂደት ጋር በተያያዙ ንብረቶች ላይ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ መዘገበ። በባንኮች ዘንድ ይህን ቦታ የሚይዘው የሚጠበቅ የብድር ኪሳራ ግምት ነው፤ ተበዳሪዎች ሳይከፍሉ ይቀራሉ ተብሎ የሚገመተው መጠን በትንሹ ሲነካ የሩቡ ትርፍ ይለወጣል።

የመጨረሻው ሩብ

የመካከለኛ ጊዜ መግለጫዎች በአብዛኛው ኦዲት አይደረጉም፤ ቢበዛ ኦዲተሩ ጠበብ ያለ ግምገማ ያደርግባቸዋል። በአሜሪካ ኩባንያዎች በዚህ መልክ የሚያስገቡት የሦስት ሩቦችን ብቻ ነው፤ አራተኛው የሚገኘው ከዓመቱ ላይ የ9 ወሩን በመቀነስ ነው። በኢትዮጵያም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በተመሳሳይ ቀንሶ ማግኘት ይችላል። ኦዲተሩ በዓመቱ መጨረሻ የሚያስተካክለው ሁሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመ ስህተትም ቢሆን፣ ተቀናሹ በሚያሳየው በዚያ በመጨረሻው ሩብ ላይ ያርፋል።