ከከተማ ደጃፍ ያልራቀው ዱር፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለቅዳሜና እሑድ

የዱር እንስሳት ለማየት ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ድረስ መጓዝ ግድ የሚመስላቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ረጅም ፈቃድና ብዙ ገንዘብ ለሌላቸው ባልና ሚስት ግን ዱሩ ቅርብ ነው። ከመዲናዋ ጋር የተጎራበቱትና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሦስት የተለያዩ ገጽታዎችን ይዘዋል፤ ደን፣ ሐይቅና ረግረጋማ ሜዳ።

ሰበታ፦ በደን ውስጥ ማደር

በሰበታ በኩል የሚደረሰው የመናገሻ ሱባ ደን በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራቆተው ተራራ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንዲለማ ማዘዛቸው ይነገራል። በአሁኑ ጊዜ ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው።

ተጓዡ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ተክሉም ይለዋወጣል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። በመሆኑም ከግርጌ ያሉት ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለኮሶ ይለቃሉ፤ ከ3 ሺህ 300 ሜትር ወደሚያልፈው ጫፍ ሲቃረቡ ደግሞ አስታና ጅብራ ይቀበሏቸዋል።

በደኑ ማደር ትርጉም የሚኖረው በእንስሳቱ ጠባይ ምክንያት ነው። የምኒልክ ድኩላ ከጥሻው ወጥቶ የሚግጠው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጉሬዛም በማለዳ ከዛፍ አናት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እኩለ ቀን ላይ ደርሶ የሚመለስ ጎብኚ ዛፉን እንጂ አራዊቱን ሳያይ ሊሄድ ይችላል።

ቡራዩ፦ የገፈርሳ ወፎች

ከቡራዩ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃል። በዳርቻው ሣር የሚግጠው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ አይገኝም፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ በማሳረፉ ይለያል። ከሩቅ የሚሰማው የጋጋኖ ጩኸትም ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ይቀላቀሏቸዋል። ይሁንና ውኃው አዲስ አበባ የምትጠጣው ነውና ዳሩ ላይ ድንኳን መትከልም ሆነ መታጠብ አይገባም።

ሱሉልታ፦ ሜዳው የማን ነው?

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ የሚዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ አፈሩ ጥቁር ነው። ይህ አፈር ክረምት ሲገባ ውኃውን ቶሎ አያሰርግም፤ ስለዚህ ሜዳው ረግረግ ይሆናል። ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ለከተማዋ የወተት ላሞች ድርቆሽ ይሆናል።

ረግረጉ ሌላም ባለቤት አለው። በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነችው፣ ክንፏ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ ከታየችባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ሱሉልታ ነው። በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው በርጋ ረግረግ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። የምትራባው በክረምት፣ ረጅም ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ነው። ረግረጉ ሲጠነፈፍ፣ ሣሩ ያለጊዜው ሲጋጥ ወይም ቤት ሲሠራበት የምትሄድበት የላትም። ከተሞቹ እየሰፉ ባሉበት በዚህ ወቅት ዋናው ሥጋትም ይኸው ነው። ስለዚህ ጎብኚዎች በክረምት ሣሩ ውስጥ ባይገቡ፣ በመጸውም ያልታጨደ ሜዳ ባይረግጡ ይመረጣል። ሣሩ ለወፏ መጠለያ፣ ለገበሬው ደግሞ የዓመት ገቢ ነውና።

ከመነሳት በፊት

ለእግር ጉዞ ምቹው ወቅት ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ወፍራም ብርድ ልብስና ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ ያስፈልጋል። ስለ ማደሪያ ፈቃድ፣ ክፍያና የአካባቢው ጸጥታ የደኑን ጽሕፈት ቤትና የአካባቢውን አስተዳደር አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በደረቅ ወራት እሳት አለማንደድ ይመከራል፤ አስታ እርጥብ ቢመስልም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክም ተሰብስቦ ወደ ቤት መመለስ አለበት። ላም የዋጠችው ፌስታል በሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ምግብ እንዳይፈጭ ያደርጋል፤ ሊገድላትም ይችላል።

መንገድ የሚመራ የአካባቢ ወጣት መቅጠር፣ ወተትና እንቁላልም ከገበሬው መግዛት ሌላ ጥቅም አለው። ከሰል የሚያከስለው ሰው ገቢ የሚያገኘው ከተቆረጠው ዛፍ ነው፤ እንግዳ የሚመራው ግን ዛፉ ቆሞ ሲቆይ ነው። የባልና ሚስት የአንድ ቅዳሜ ወጪ ትንሽ ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ሲደጋገም ደኑ ቆሞ እንዲቆይ ለሚፈልጉ ነዋሪዎች ምክንያት ይሆናቸዋል።