የፈረስ መኖና የጡንቻው ጂን

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ ጭነት ሲጎትት የሚውል የጋሪ ፈረስ ማታ የሚቀርብለት ገለባና ፉርሽካ ነው፤ ባለጋሪው ኪሱ ከፈቀደለት ፋጉሎ ይጨምርበታል። ፈረሱ ሲደክም ደግሞ «ጉልበት ይሰጣል» የተባለ የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄት ወይም መርፌ የሚገዛለት አይታጣም። ይህ ተጨማሪ ነገር በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ በእርግጥ ምን ይሠራል? ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ ስለሆነ በእርሱ እንመልከተው።

በቅድሚያ አንድ ስሕተት እናርም። መኖ የፈረሱን ጂኖች ወደ ሌላ ዓይነት አይለውጥም፤ ከእናትና ከአባቱ የወረሳቸው፣ ፕሮቲን የሚያሠሩት ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች እንዳሉ ይኖራሉ። የሚለዋወጠው ሥራቸው ነው። ሕዋሱ ከጂኑ መልእክተኛ አር ኤን ኤ የተባለ ግልባጭ ይቀዳል፤ በግልባጩም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ስለዚህ ግልባጩ ሲጠፋ ፕሮቲኑም ያንሳል።

ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን በብዛት ይጠቀማል፤ ከዚህም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የመሰለ ጎጂ ነገር ይፈጠራል። ይህን ከሚያከሽፉት አንዱ ግሉታታዮን ፔሮክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ ሴሌኒየም የአካሉ ክፍል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1973 ታወቀ። የዚህም ኢንዛይም ጂን አጻጻፉ ልዩ ነው። ዩ ጂ ኤ የሚባለው ምልክት በሌሎች ግልባጮች ላይ «እዚህ አቁም» ማለት ሲሆን፣ በዚህኛው ግን «ሴሌኒየም ያለበትን አሚኖ አሲድ አስገባ» ማለት ነው። ማዕድኑ ሲታጣ ሥራው ከምልክቱ ላይ ይቆማል፤ ሕዋሱም ግልባጩን እንደ ተበላሸ ደብዳቤ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ይህ በተለይ በአይጦች ላይ በሚገባ ተመርምሯል። ማዕድኑ ሲመለስ ግልባጩም ይመለሳል፤ ነገር ግን ፍላጎቱ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ግልባጩን አያበዛውም።

እንግዲህ ሴሌኒየም የሚጠቅመው የጎደለበትን ፈረስ ነው። እናቱ ማዕድኑ ያነሳት ውርንጭላ ጡንቻው እየነጣ ይዳከማል፤ መቆምና መጥባትም ሊሳነው ይችላል። በአንጻሩ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ የሚበቃው በቀን 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ የጋሪ ፈረሳችን ክብደቱ ከዚህ ስለሚያንስ የሚበቃውም ያንሳል። ትርፉ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 በአሜሪካ ፍሎሪዳ 21 የፖሎ ፈረሶች ሴሌኒየም ከመጠን በላይ የገባበት የቫይታሚንና የማዕድን ውሕድ ተወግተው አለቁ።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያከብደው አፈራችን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ እህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ገለባውም የሚበቅለው ከዚያው አፈር ነው። ከተማ የሚኖር ፈረስ ደግሞ መኖው ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው አገር ይመጣለታል። ስለዚህ ባለጋሪው ፈረሱን በማየት ብቻ መጉደሉን ወይም መትረፉን ሊያውቅ አይችልም።

ፈረሱ የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው። ከመርፌው በፊት የደም ምርመራ ይቅደም፤ ድካሙም ከማዕድን እጦት ይሁን ከጭነት ብዛት፣ ከውሃ ጥም ወይም ከቁስል በመጀመሪያ ይለይ። ጭነት የበዛበትን ፈረስ ዱቄት አያሳርፈውም።