ዕድሜ የሚበላበት ቋንቋ

ኮሪያዊ አዋቂ ሕፃን ልጅን ዕድሜውን ሲጠይቅ «ስንት ዓመት በላህ?» ሊለው ይችላል። ቀልድ አይደለም። «ሞክታ» በኮሪያኛ መብላት ነው፤ ዕድሜም የሚጨመረው በዚሁ ግስ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት ሲገባ ቶክኩክ የተባለውን የሩዝ ሊጥ ሾርባ የበላ ሰው አንድ ዓመት ጨመረ የሚባለውም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ግሱ ሆዳም ነው። መድኃኒት ይበላል። የፈራ ሰው ፍርሃት ይበላል፤ የተሰደበ ስድብ ይበላል፤ ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ልቡን ይበላል፤ በረኛም ጎል ይበላል።

ይህን ሁሉ ይዞ እንግሊዝኛ የሚጀምር ኮሪያዊ መብላት ማለት የሆነውን «ኢት» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ይይዘዋል። የሚያደናቅፈው የቃሉ ድንበር ነው። እንግሊዝኛ መድኃኒትን «ቴክ» ያሰኛል፤ ምሳና ቁርስን ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሃቭ»። አእምሮ አዲሱን ቃል ከነባሩ ጋር ስለሚያጣምረው የነባሩ ቤተ ዘመድ ሁሉ ተከትሎ ይገባል። የቋንቋ አጥኚዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተጽዕኖ የሚሉት ይህንን ነው።

እኛም ብንሆን ጉቦ እንበላለን፣ ቃላችንን እንበላለን፣ ራሳችንንም ይበላናል። ዕድሜን ግን ሳንበላ እንጠግበዋለን፤ ከኮሪያዎቹ የባሰ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሪያዊውን የእንግሊዝኛው ግስ ቅርጽም ያስቸግረዋል። ኮሪያኛ የግሱን ሥር ሳይነካ ከኋላው ይቀጥላል። እንግሊዝኛ «ኢት» ብሎ ትናንት ላይ ሲደርስ «ኤይት» ይላል። ሆዱ የሚለዋወጥ ግስ «በላ፣ ብላ፣ ይበላል» ለምንል ለእኛ ብርቅ አይደለም። ኮሪያዊው ግን «ኢትድ» ቢል አይፈረድበትም፤ እንግሊዝኛ አፍ የሚፈቱ ሕፃናትም እንዲሁ ይላሉ። በዚያ ላይ ኮሪያኛ ያለው «ኢ» አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ ረዘም የሚለው «ኢት» እና «እሱ» ለማለት የሚያገለግለው አጭሩ ቃል በጆሮው አንድ ይሆኑበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ክብሩ ይመስለኛል። እኛ «ብላ» እና «ይብሉ» ብለን እንለያለን። ኮሪያኛ ለአያት ግሱን ራሱን ለውጦ «ቻፕሱሺዳ» ይላል፤ «ፓፕ» የተባለው ምግብም «ቺንጂ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ለአያትም ለውሻም «ኢት» ነው።

«ፓፕ ሞጎሶ?» ማለት «ምግብ በላህ?» ነው፤ በወዳጆች መካከል ግን እንደ «ደህና ነህ?» ያገለግላል። ኮሪያዊው በቅን ልቦና ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ፣ ባልደረባው ምሳ የተጋበዘ መስሎት ኮቱን ያነሣል።