በሐሩር ወራት ከናይል ዓሣ ለማጥመድ

በአገራችን ዝናሙ በሚወርድባቸው የሰኔ፥ የሐምሌና የነሐሴ ወራት፥ እዚህ ካይሮ ሐሩሩ ይበረታል። ከመካከላችን ብዙዎቹ የፈተናውን ድካም ለመርሳት፥ ለእራትም የሚሆን ነገር ለማግኘት መንጠቋቸውን ይዘው ወደ ናይል ዳር ይወርዳሉ። በዚህ ጽሑፍ ዓሣው በሙቀት ጊዜ የት እንደሚገኝ፥ መቼ እንደሚበላ፥ እኛም ሳንታመም እንዴት እንደምናጠምደው ባጭሩ እንገልጻለን።

በናይል ዳር የምናገኛቸው ዓሦች ለኛ እንግዶች አይደሉም። ግብፆች ቡልጢ የሚሉት የኛው ቆሮሶ ነው፤ ቀርሙጥ የሚሉትም አምባዛ ነው። ሁለቱም በጣና ሐይቅ ይገኛሉ።

ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። አንድ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ያህል ሊይዝ ሲችል፥ በ30 ዲግሪ ግን 7.5 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የውሃ ተክሎችም ሌሊቱን ኦክሲጅን ስለሚፈጁ፥ ሣር በበዛበት የረጋ ውሃ ውስጥ እጥረቱ የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው። ከዚህ የሚከተሉት ምክሮች ይወጣሉ።

1ኛ/ ቆሮሶ በቀን የሚበላ ዓሣ ስለሆነ፥ በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፥ ከዚያም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንሞክር። በቀትር ጥላና ጥልቀት ወዳለበት ይሸሻል።

2ኛ/ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ስለዚህ ትንሽ መንጠቆ፥ ቀጭን ክርና ቀላል ቡሽ ይበቃል። በደንብ የታሸ የዳቦ ልብ ወይም የምድር ትል ጥሩ ማባበያ ነው። ጥቂት ፍርፋሪ አስቀድሞ መበተን ዓሣውን ይሰበስባል።

3ኛ/ አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል የውሃው መሞቅ ብዙም አይጎዳው። እሱን ከመሸ በኋላ፥ ማባበያውን ወደ ወለሉ አውርደን እንፈልገው። በጎንና ጎን ክንፎቹ ያለው እሾኽ ይወጋል፤ የወጋንን በውሃና በሳሙና በደንብ አጥበን፥ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችን ጊዜው ያላለፈ መሆኑን እንመርምር።

4ኛ/ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለችዋ ከተያዘች ወዲያው ወደ ውሃው እንመልሳት።

5ኛ/ ሆዱን እንደ ፊኛ የሚነፋ ዓሣ ከወጣ አንብላው። የዚህ ዓይነት ዓሦች በምግብ ማብሰያ እሳት የማይጠፋ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ግን ወደ ውሃው እንዳይገባ ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የቢልሃርዚያን ትል ያገኘው እዚሁ ካይሮ እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። ከዚያ ወዲህ በግብፅ በተደረገው ሰፊ ዘመቻ በሽታው እጅግ ቢቀንስም፥ ጥንቃቄን መተው አይገባም። የትሉ አስተላላፊ የሆነው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ቀስ ብሎ በሚሄድና ሣር ባለበት ዳርቻ፥ ማለትም ቆሮሶም በሚወደው ቦታ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት ዕጮች በደህና ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ በብዛት የሚወጡትም በቀትር አካባቢ ነው። ቢሆንም ማለዳውም ዋስትና አይሆንም። ስለሆነም መንጠቆው በሣር ቢያዝ ክሩን መበጠስ እንጂ ተከትሎ መግባት አያዋጣም። ረዘም ያለ ዘንግ ይዞ ከደረቅ ግንብ ላይ ማጥመድ ይበጃል። ቀደም ሲል በእንዲህ ያለ ውሃ የገባ ወንድም ወይም እኅት ካለ፥ ሕመም ባይሰማውም ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ያስመርምር፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናል።

የተያዘውን ዓሣ በፀሐይ አናቆየው፤ በበረዶ ይዘን፥ አጽድተን፥ እስከ ውስጡ አብስለን እንብላው። መልካም ዕረፍት።