ስለ ነጭ ክንፏ የረግረግ ወፍና ስለ ጎጃም ረግረግ አጠባበቅ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ፥ በጣና ዳር የሚኖር ባላገር ከውኃው በላይ ዝቅ ብለው እያንዣበቡ የሚመላለሱ ትናንሽ ወፎች ያያል። ከእነዚህም አንዷ ፈረንጆች ተርን ከሚሉት ወገን የሆነች፥ ነጭ ክንፍ ተርን የምትባለው ናት፤ ሊቃውንትም ክሊዶኒያስ ሌውኮፕቴሩስ ብለው ይጽፏታል። ይህች ወፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለችም። ከሩቅ ሰሜን መጥታ በጋውን ከእኛ ዘንድ የምታሳልፍ እንግዳ ናት እንጂ። እርሷን ማወቅና መጠበቅም ለወፍ ወዳጆች ብቻ የተተወ ነገር ሳይሆን፥ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ የሚያስብ ሹም ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ነው።

የወፊቱ መጠን ትንሽ ነው። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ክብደቷም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ግራም አያልፍም፤ ይኸውም ከአንድ ትልቅ የዶሮ ዕንቁላል ጋር የሚተካከል ነው። በአገራችን በምትሰነብትበት ወራት ሆዷ ነጭ፥ ጀርባዋ ዳማ ግራጫ ሆኖ፥ ከራሷ በስተ ኋላ ጥቁር ምልክት ይታይባታል። ሚያዝያ ሲቃረብ ግን ላባዋን ትለውጣለች፤ ራሷና ገላዋ እንደ ከሰል ይጠቁራል፥ ክንፏ ከላይ ነጭ ሆኖ ያበራል፥ እግሯም ይቀላል። ስለዚህ በኅዳር ያያትን ወፍ በሚያዝያ መልሶ ያያት ሰው ሌላ ወፍ ናት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የምትወልደው ከምሥራቅ አውሮፓ ጀምሮ እስከ መካከለኛውና እስከ ምሥራቅ እስያ ባለው አገር ነው። በፖሎኝ፥ በቤላሩስ፥ በዩክሬንና በሩስያ ወንዞች በጸደይ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፥ እርሷ ከባልንጀሮቿ ጋር በማኅበር ሆና፥ በውኃው ላይ በሚንሳፈፈው ሣርና ቅጠል ጎጆዋን ትሠራለች። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዕንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ 3 ሳምንት ያህል ይታቀፉታል። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይበርራሉ። የጸደዩ ውኃ ያነሰ እንደ ሆነ ግን በዚያ ስፍራ አትወልድም፤ ወደ ሌላ ረግረግ ትሄዳለች። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ዘንድሮ ብዙ ሆና፥ በሚመጣው ዓመት ፈጽማ ብትታጣ የተለመደ ነገር ነው። ኑሮዋ ሁሉ የተመሠረተው በውኃው መሙላትና መጉደል ላይ ነው።

የባሕር ተርኖች ዓሣ ለመያዝ ከላይ ተወርውረው ውኃ ውስጥ ይጠልቃሉ። ይህችኛዪቱ ግን አትጠልቅም፤ ከውኃው ፊት እየነካካች ትለቅማለች፥ የሚበርረውንም በአየር ላይ ትይዛለች። ምግቧ በብዛት የውኃ ትንኝ፥ ዝንብ፥ ጥንዚዛና ፌንጣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ትንሽ ዓሣ ወይም የእንቁራሪት ግልገል ትጨምርበታለች። በአፍሪካ በምትሰነብትበት ጊዜ ከውኃው ርቃ በሣር ሜዳና በእርሻ ላይ ፌንጣ ስትለቅም ትታያለች። እንግዲህ በገበሬው ሰብል ላይ አንዳች ጉዳት የላትም፤ ጥቅም እንጂ።

በኢትዮጵያ ከጣና ሌላ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች፥ እንደ ዝዋይና እንደ ሐዋሳ ባሉት ትገኛለች። ዘሯ በዓለም ሊጠፋ ከተቃረበው ወገን አይቆጠርም። ነገር ግን ኑሮዋ በሁለት ክፍለ ዓለም የተከፈለ ስለ ሆነ አንድ መንግሥት ብቻውን ሊጠብቃት አይችልም። በአውሮፓ ባለፈው ምዕተ ዓመት ብዙ ረግረግ በቦይ ተጠንፍፎ እርሻ ስለ ሆነ፥ የምትወልድበት ስፍራ ጠብቧል። ይህን በመመልከት በ1987 ዓ.ም. የአፍሪካና የአውሮፓ እስያ ስደተኛ የውኃ ወፎች መጠበቂያ ስምምነት በሔግ ከተማ ተደረገ፤ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆነች። የእኛ ድርሻ ወፊቱ በጋውን የምታሳልፍበትን ውኃና ረግረግ መጠበቅ ነው። የጣና ሐይቅና ዙሪያው፥ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው ስፍራ፥ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል ተብሎ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ መመዝገብ ብቻውን አይጠብቅም። በጣና ዳር ደንገሉ እየታጨደ፥ ረግረጉ እየታረሰ፥ ከደጋው የሚወርደውም አፈር ዳርቻውን እየሞላ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተነሥቶ የውኃውን ፊት ሸፈነ። ከውኃ ፊት ለምትለቅም ወፍ፥ የውኃው ፊት ሲዘጋ ማዕድዋ ተዘጋ ማለት ነው፤ ዓሣ አጥማጁም በታንኳው መተላለፊያ ያጣል።

ምናልባት በደብረ ማርቆስ ያለ ሹም፥ «ጣና ሩቅ ነው፤ ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከጮቄ ተራራ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው የጨሞጋ ውኃ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይሄዳል እንጂ ወደ ጣና አይገባም። ነገር ግን የረግረግ ሥራ በየትም ስፍራ አንድ ነው። ረግረግ እንደ ሰፍነግ ነው፤ የክረምቱን ጎርፍ ይጠጣል፥ አፈሩን ያስቀራል፥ ውኃውንም በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። በጥርና በየካቲት ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ፥ ከብት ለምለም ሣር የሚያገኘው በዚያ ነው።

ስለ ጨሞጋ የተደረገው ጥናት ነገሩን በቍጥር ያስረዳል። ከ1952 እስከ 1991 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት የበጋው ዝናብ ይህን ያህል ሳይለወጥ፥ የወንዙ የበጋ ውኃ ግን ቀንሷል። በጥር ወር እጅግ ያነሰው የቀን ውኃ በሴኮንድ ከ400 ሊትር ወደ 100 ሊትር ወረደ፤ በየካቲት ደግሞ ከ400 ሊትር ወደ 20 ሊትር። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲናገሩ የተፈጥሮ ዛፍና ቍጥቋጦ መጥፋቱን፥ የእርሻ መስፋፋቱን፥ ግጦሽ መብዛቱንና ባሕር ዛፍ መበርከቱን ጠቅሰዋል። እንግዲህ ጕዳቱ የሰማይ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ሥራም አለበት።

ባላገሩ ረግረጉን የሚያርሰው በክፋት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። መሬት ጠብቦታል፤ ልጆቹ አድገው ድርሻ ይፈልጋሉ፤ ረግረጉም ሥራ የፈታ ምድር ሆኖ ይታየዋል። ቦይ ቀድዶ ውኃውን ያጠነፈፈ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም እህል ያገኛል፤ ጥቁሩ አፈር ለብዙ ዘመን የተከማቸ የበሰበሰ ሣር አለበትና። በኋላ ግን አፈሩ ይደርቃል፥ ይሟሽሻል፥ ኀይሉም ያልቃል፤ ከበታች ያለው ምንጭ ይነጥፋል፥ የጎረቤቱም ከብት የበጋ ሣር ያጣል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ የረግረግ ጥፋትም የሚጀምረው በጥጋብ መልክ ነው። አንዱ የሚያተርፈውን እህል ብዙዎች በውኃና በሣር ይከፍሉታል። ስለዚህ ባዶ ክልከላ አይበቃም፤ ባላገሩን ሰብስቦ ማስረዳትና ማስማማት ያስፈልጋል።

በዚህም ምክንያት በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ በግዛታቸው ያለውን ረግረግ ሁሉ ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው አይተው፥ ወሰኑን በምልክት ያኑሩ፤ በመዝገብም ይጻፉት።

ሁለተኛ፥ ከረግረጉ ዳር ሳይታረስ የሚቀር የሣር መቀነት ይተዉ፤ ከእርሻው የሚወርደው አፈር በዚያ ይቀራልና። ባሕር ዛፍም ከምንጭና ከረግረግ ርቆ ይተከል።

ሦስተኛ፥ ግጦሹ በተራ ይሁን፤ ምድሩ እጅግ በረጠበ ጊዜ ከብት ቢገባበት አፈሩ ይረገጣል፥ ውኃ መጠጣትም ይሳነዋል። ደንገል የሚታጨድበትም ስፍራ እንዲሁ እየተፈራረቀ ይረፍ።

አራተኛ፥ የተባይ መድኃኒት ከውኃ ዳር አይረጭ፤ ዕቃውም በወንዝ አይታጠብ። ትንኙን የገደለ መርዝ ትንኙን የበላችውን ወፍና ውኃውን የጠጣውን ከብት ያገኛልና።

አምስተኛ፥ የውኃ ወፎች በየዓመቱ የሚመጡበትንና የሚሄዱበትን ወር፥ መብዛታቸውንና ማነሳቸውን በመዝገብ ይጻፉ። ለዓመታት የመጣች ወፍ ከቀረች፥ በረግረጉ ላይ ምን እንደ ደረሰበት መመርመር ያሻል፤ ምልክቷ ከምንጩ መድረቅ ቀድሞ ሊታይ ይችላልና።

ይህች 80 ግራም የማትሞላ ወፍ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጕዛ ስትመጣ የምትሻው ጥቂት ነገር ነው፤ ክፍት ውኃ፥ ለምለም ሣርና በዚያ ላይ የሚበርር ትንኝ። የጎጃም ገበሬም ለበጋ የሚሻው ከዚሁ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ለከብቱ ውኃና ሣር ነው። ሁለቱንም የሚያሳጣቸው አንድ ቦይ ነውና፥ ቦዩ ሳይቆፈር አስቀድሞ ማሰብ የሹሙ ተግባር ነው።