በወረኢሉ የታየው የነዳጅ ምልክትና የጥልቅ ቁፋሮ ትርጕም

የኮምቦልቻ ነዋሪ የነዳጅ ቦቴዎች ከጅቡቲ መጥተው ሲያልፉ ዘወትር ያያል። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በወረኢሉ አካባቢ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ከምድር ሥር ሲፈልቅ መታየቱን ሲሰማም፣ «ሀብቱ በደጃችን ሳለ ስለ ምን ከሩቅ እናስመጣለን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ለዚህ ጥያቄ በዕውቀት የተደገፈ መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

ነዳጅ በምድር ውስጥ እንደ ሐይቅ ተንጣሎ አይገኝም። በጥንት ባሕሮች ወለል የተቀበረ የጥቃቅን ሕያዋን ቅሪት ለረጅም ዘመናት በሙቀትና በግፊት ተለውጦ ዘይትና ጋዝ ይሆናል። ከውኃ ስለሚቀልም በአለት ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይጓዛል። ጥብቅ አለት እንደ ክዳን ካገደው ከሥሩ ይከማቻል፤ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ግን እስከ ገጸ ምድር ይወጣል። ስለዚህ የወረኢሉ ምልክት ነዳጅ መፈጠሩን ያስረዳል እንጂ፣ ተጠራቅሞ የቀረውን መጠን አይናገርም።

ይህ የሚረጋገጠው በቁፋሮ ነው። ለመጠጥ ውኃ የሚቆፈር ጕድጓድ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አያልፍም፤ የነዳጅ ጕድጓድ ግን ብዙ ሺህ ሜትሮች ሊወርድ ይችላል። በወሎ ደጋ ደግሞ ወፍራም የባዛልት አለት ከላይ ስለ ተነጠፈ፣ ከሥሩ ያለውን ማጥናት ይከብዳል። በቁፋሮው ጊዜ የከርሰ ምድር ውኃ እንዳይበከል የብረት ቱቦ ወደ ጕድጓዱ ይገባል፤ በቱቦውና በአለቱ መካከል ያለው ክፍተትም በሲሚንቶ ይሞላል።

ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ከኦጋዴን እንማራለን። የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በአካባቢው ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ መውጣት መጀመሩ የተነገረው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጋዙ ምርት የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው ደግሞ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከግኝት እስከ ምርት ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ወሬ ሰምቶ መሬቱን ለመልቀቅ ወይም በተስፋው ለመበደር የሚቸኩል ምእመን ቢኖር፣ ይህን በርጋታ ማስረዳት የአባቶች ድርሻ ነው። ቁፋሮ የሚጀመርበት ቀን ቢመጣም ሕዝቡ ባለ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ኅብረተሰቡ በሚመለከተው የልማት ሥራ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አዋጅ ቍጥር 299/1995ም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የሚመለከት ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች አስቀድመው ይጠየቁ፦ ምንጮቻችን እንዴት ይጠበቃሉ? የቁፋሮው ዝቃጭ የት ይወገዳል? መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ ካሣው መቼና እንዴት ይከፈላል?