በመስተዋት ጣሪያ ሥር ማደር ያዋጣልን?

ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይመዝናል፣ ይለካል፣ ይቀምሳል። ጤፉን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ገለባውንና አፈሩን ይለያል፤ ብርቱካኑን በጣቱ ጫን ብሎ ጭማቂውን ይገምታል። ዳሩ ግን በዘመናችን ከሚሸጡት ነገሮች መካከል በሚዛን የማይመዘን፣ በሜትርም የማይለካ አንድ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም ትዕይንት ነው። መንገደኛው የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ ሳይሆን፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ ለሚያየው ነገር ጭምር ነው። ይህን ሸቀጥ የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ ሰው፣ ምን እንደሚገዛና ምን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ካልተረዳ፣ ገንዘቡን ለደመና አደራ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

የዚህ ንግድ ዋነኛ ምሳሌ የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ነው። በፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ ላፕላንድ በሚባለው አገር፣ ሳሪሰልካ ከምትባለው መንደር አጠገብ ካክስላውታነን የሚሰኝ የእንግዳ ማረፊያ አለ። እንግዶቹ የሚያድሩት ጣሪያቸው ከመስተዋት በተሠራ፣ ክብ ጎጆ በሚመስሉ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ በአልጋቸው ላይ ተጋድመው የሰሜን ብርሃን የሚባለውን የሰማይ ትዕይንት ይጠባበቃሉ። የአንድ ሌሊት ኪራዩ በብዙ መቶ ዩሮ የሚቆጠር ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ይህን የመሰለውን ሥዕል ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ በሚልኩበት በዚህ ጊዜ፣ አንዱ ነጋዴ «ሄጄ ልየው» ሌላውም «በእኛ አገር ብሠራውስ» ብሎ ማሰቡ የማይቀር ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ጥያቄ፣ የገዥውንና የሻጩን፣ ለየብቻ መመርመር ይገባል።

የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው?

የሰሜን ብርሃን ከፀሐይ የሚመነጭ ነገር ነው። ከፀሐይ የሚወረወሩት፣ የኤሌክትሪክ ኀይል ያላቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ወደ ምድር ሲደርሱ፣ የምድር መግነጢሳዊ ኀይል ወደ ሁለቱ ዋልታዎች አካባቢ ይመራቸዋል። በዚያም ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በአየር ውስጥ ካሉት ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ብርሃን ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም የኦክስጅን ነው።

ይህን ትዕይንት ለማየት ሦስት ነገሮች ባንድ ሌሊት መገናኘት አለባቸው። አንደኛ፣ ሌሊቱ በእርግጥ ጨለማ መሆን አለበት። በዚያ አገር በበጋቸው ወራት ፀሐይ ስለማትጠልቅ፣ ብርሃኑ የሚታየው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሰማዩ ከደመና የጠራ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ፀሐይ ራስዋ በዚያው ጊዜ መነሣሣት አለባት። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ያህል ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በተነሣው ታላቅ የመግነጢስ ማዕበል ብርሃኑ ከዋልታዎቹ እጅግ በራቁ አገሮች ሳይቀር ታይቷል። እንዲህ ያለው ቀን ግን በቀጠሮ የሚመጣ አይደለም። ከሦስቱ ነገሮች አንዱንም የሆቴሉ ባለቤት ሊያዝዘው አይችልም። እንግዲህ የመስተዋቱ ጣሪያ የሚሸጠው ትዕይንቱን ሳይሆን፣ ትዕይንቱን በሙቅ አልጋ ሆኖ የመጠበቅን ምቾት መሆኑን አንባቢው ያስተውል።

የገዥው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሌሊት ብርሃኑ የመታየቱ ዕድል ከ3 አንድ ነው እንበል። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ መንገደኛ ከ3 ጊዜ ሁለቱን ሳያይ ይመለሳል። ሦስት ሌሊት ያደረ ግን ምንም ሳያይ የመመለሱ ዕድል ከ27 ወደ 8 ዝቅ ይላል፤ ማለትም ከ10 እንግዶች 7ቱ ያህል አይተው ይመለሳሉ። የመስተዋቱ ክፍል ኪራይ የተራው ክፍል ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ አንድ ሌሊት በመስተዋት ሥር ከማደር ይልቅ በዚያው ገንዘብ ሦስት ሌሊት በተራ ክፍል አድሮ፣ ካፖርት ደርቦ ወደ ውጭ ብቅ እያሉ መመልከት ትዕይንቱን ለማየት የተሻለ መንገድ ነው። እርግጥ ነው፣ ደመና አንዳንድ ጊዜ ቀናት ሙሉ ስለሚቆይ ይህ ስሌት ግምት ብቻ ነው፤ የነገሩን አቅጣጫ ግን በትክክል ያሳያል።

ይሁን እንጂ መስተዋቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዚያ አገር የክረምት ብርድ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የሚወርድ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በውጭ ሊቆም አይችልም። የጣሪያው መስተዋትም ውርጭ እንዳይጋግርበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ አካሄዱን የሚያውቅ መንገደኛ ሁለት ሌሊት በተራ ክፍል፣ አንድ ሌሊት በመስተዋት ሥር ያድራል፤ ብርሃኑ ባይታይም የማይጸጸትበትን ሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የዘመድ ጥየቃ ወይም የንግድ ሥራ፣ ከጉዞው ጋር አያይዞ ይሄዳል።

የወሎ ሰማይ ምን አለው?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወልድያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜን ብርሃን የምትጠብቅ ከተማ አይደለችም። ነገር ግን ሰማይዋ ባዶ አይደለም። በዚህ ስፍራ የሚኖር ሰው የሰሜኑን ኮከብና የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ሁለቱንም ማየት ይችላል፤ ይህንም ዕድል የፊንላንድ ሰው በአገሩ አያገኘውም። ተራራ ካልከለለው በቀር፣ በገና ሌሊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ በላሊበላ ሜዳ የቆመ ምእመን ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር የሰሜኑን ኮከብ፣ ወደ ደቡብ ቢያዞር የደቡብ መስቀልን ያያል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማም ተወርዋሪ ከዋክብት በብዛት ይታያሉ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ መብራት ርቆ ለሚቆም ሰው ፍኖተ ሐሊብ እንደ ተነሰነሰ ዱቄት ሆኖ ይታያል።

ይህ የሀገር ወዳድ ንግግር ብቻ አይደለም። 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ከተተከሉ በኋላ፣ የአዲስ አበባ መብራትና ደመና ለሥራው እንቅፋት በመሆኑ፣ በላሊበላ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ለተሻለ የሰማይ መመልከቻ ስፍራ እንዲሆኑ ታስበዋል። ከእነርሱም መካከል የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

ዳሩ ግን የእኛም ሰማይ የራሱ ወቅት አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ በወሎ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብ ይጠበቃል። ስለዚህ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጠራው ሰማይ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአራት ወር ሰማይ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ትምህርት

ትዕይንት በመሸጥ ረገድ አካባቢያችን ያገኘው ትምህርት አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በማለዳ ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና፣ ዳርዋን ብቻ እንደ ወርቅ ቀለበት ትታ ታይታለች። የዚህ ግርዶሽ መንገድ በላሊበላ ላይ የሚያልፍ መሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት በሥነ ፈለክ ሊቃውንት የታወቀ ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው ሁሉ የተረጋገጠ ነበረና፣ ከሰሜን ብርሃን ይልቅ ይህ ለነጋዴ እጅግ የተሻለ ሸቀጥ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የዓለም አውሮፕላኖችም አብዛኛዎቹ ቆሙ። ፀሐይና ጨረቃ ቀጠሮአቸውን ጠበቁ፤ እንግዶቹ ግን አልመጡም። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንም ላሊበላንም ባዳረሰ ጊዜ፣ በእንግዳ ላይ የተመሠረተው ንግድ ሁሉ ከፍተኛ ጉዳት ደረሰበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰማዩ እንኳ እርግጠኛ ቢሆን መንገዱ እርግጠኛ ላይሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት ላይ ብቻ የተሠራ ቤት፣ ያ ትዕይንት በቀረ ቀን ወለድ የሚቆጠርበት ባዶ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

የሻጩ ሒሳብ

አሁን ወደ ሻጩ እንለፍ። መስተዋት በፊንላንድ ብርድን የሚከላከል ሲሆን፣ በእኛ አገር ጠላቱ ሌላ ነው። በወልድያና በመርሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ ልክ በአናት ላይ ትውላለች። የመስተዋት ጣሪያ የቀኑን ሙቀት አስገብቶ ስለሚያስቀር፣ በተለይ እንደ መርሳ ባለው ሞቃት ስፍራ ክፍሉ ቀን ቀን ምድጃ ይሆናል። በደጋው በኩልም በረዶ በዘነበ ጊዜ የመሰበር ሥጋት አለ። አቧራውን ዘወትር የሚያጥብ ሠራተኛና ውኃ ያስፈልጋል፤ መስተዋቱ ሲሰበርም ምትኩን ከሩቅ ማስመጣት ይጠይቃል።

ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳይባል፣ የሚከተለው ይታሰብ። አንድ የመርሳ ነጋዴ ለአንድ ክፍል የመስተዋት ጣሪያ ከተራው ጣሪያ በላይ 600,000 ብር ቢያወጣና፣ በዚህ ምክንያት በአንድ ሌሊት 1,500 ብር ተጨማሪ ኪራይ ቢያገኝ፣ ገንዘቡን ለመመለስ 400 የተከራዩ ሌሊቶች ያስፈልጉታል። የጠራው ሰማይ 120 ሌሊት ያህል ነው፤ ከዚህም ግማሹን ያህል ጨረቃ ታበራዋለች። የሚቀሩት 60 ሌሊቶች አንድም ሳይቀር ቢከራዩ እንኳ፣ ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው ከስድስት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። ግማሾቹ ብቻ ቢከራዩ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። ወለድ፣ ጥገናና የሠራተኛ ደመወዝ ገና አልተቈጠሩም።

በአንጻሩ ያው ነጋዴ በቤቱ አናት ላይ ክፍት ሰገነት ቢሠራ፣ ወንበርና ምንጣፍ ቢያኖር፣ ለእንግዳው ጋቢና ትኩስ ሻይ ቢያቀርብ፣ ወጪው 60,000 ብር ቢሆንና ከእያንዳንዱ እንግዳ 400 ብር ቢያስከፍል፣ በ150 እንግዶች ገንዘቡ ይመለስለታል። ሰገነቱ ቀን ቀን ለቡና፣ በሠርግ ወራት ለግብዣ፣ በገበያ ቀን ለምሳ ያገለግላል። ሰማዩ ቢደምን ሻዩ ይሸጣል።

ለዚህም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በላሊበላ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት ከስኮትላንድ የመጡ መምህርት ከአንድ የአገሩ ተወላጅ ጋር በሽርክና ቤን አበባ የተባለውን ምግብ ቤት በገደል አፋፍ ላይ ከፍተዋል። «ቤን» በስኮትላንድ ቋንቋ ተራራ ማለት ሲሆን፣ «አበባ» የእኛው አበባ ነው። የዚህ ቤት ውበት በክፍት ሰገነቶቹ ላይ ያለ ነው፤ እንግዳው ሸለቆውን እያየ ይመገባል፤ ለማየት ብቻ ተብሎ የተለየ ጣሪያ አላስፈለገም። በሰሜን ተራሮችም ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳውን ከተጠቀጠቀ አፈር ሠርቶ፣ መስኮቱን ወደ ገደሉ አዙሮታል። ሁለቱም አገሩ በሰጣቸው ነገር ተጠቅመዋል።

ምን ይሻላል?

እንግዲህ ነገሩን ለመጠቅለል፣ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚጓዝ ሰው ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማደር የሚችል፣ ገንዘቡም የሚፈቅድለት ከሆነ፣ አንዱን ሌሊት በመስተዋት ሥር ቢያሳልፍ አይነቀፍም፤ አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ግን ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል። በሰሜን ወሎ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ነጋዴ ደግሞ የጣሪያውን መስተዋት ለጊዜው ትቶ፣ በመጀመሪያ ለንጹሕ አልጋ፣ ለማይቋረጥ ውኃ፣ እንግዳን በአክብሮት ለሚቀበል ሠራተኛና ለአንድ ጥሩ ሰገነት ገንዘቡን ቢያውል ይመረጣል። ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገደኛ በወልድያ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እንዲያድር የሚያደርገው ይህ ነው።

ሥነ ፈለክ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቀጥሮ ከዋክብቱን በስማቸው እንዲያስረዳ ማድረግም ከመስተዋት እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። እንግዳው ያየውን ሲረዳ፣ የከፈለው አይከብደውም፤ ተመልሶም ይመጣል፣ ሌላውንም ይልካል። የሰማዩ ኪራይ ለማንም አይከፈልምና፣ ነጋዴው ዋጋ የሚያወጣው በምድር ላይ ላለው መስተንግዶ ብቻ ይሁን።